ሳይታሰብ እንዳይጠፋ፦ የሞዴል አውሮፕላን ማብሪያ ማጥፊያ የት ይገጠም?

በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ስለ ክንፉ ቅርጽ፣ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ቀለሙ ሳይቀር ሲያሰላስሉ ያመሻሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር ተጣብቆና ተቀብቶ ካለቀ በኋላ፣ ባዶ በተገኘው ቦታ ላይ ይሰካል። በዋጋ ከርካሾቹ ዕቃዎች ተርታ የሚመደብ በመሆኑ የሚያስጨንቅ አይመስልም። ሆኖም ብቻውን ቢበላሽ አውሮፕላኑን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከአብራሪው እጅ ሊያስወጡ ከሚችሉት ጥቂት ዕቃዎች አንዱ እርሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ የሚይዘው ሪሞት ትእዛዙን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሪሲቨር ይቀበልና ሰርቮ ለሚባሉት ትንንሽ አንቀሳቃሾች ያስተላልፋል። ሰርቮዎቹም በቀጫጭን ዘንጎች አማካይነት የክንፉንና የጭራውን መሪዎች፣ ሞተሩ የሚያገኘውንም የአየርና የነዳጅ መጠን ያዛሉ። ሪሲቨሩም ሆነ ሰርቮዎቹ ኃይል የሚያገኙት ከአንድ ትንሽ ባትሪ ሲሆን፣ ከባትሪው ወደ ሪሲቨሩ በሚሄደው ሽቦ መካከል ማብሪያ ማጥፊያው ይቀመጣል። ወደ አውሮፕላኑ መሪዎች የሚሄደው ኤሌክትሪክ በሙሉ፣ በረራው በቆየበት ጊዜ ሁሉ፣ በዚህች ጠባብ በር ያልፋል።

ሌሎቹ ክፍሎች ሲበላሹ የሚሆነውን ብናይ ልዩነቱ ይገባናል። ሞተሩ በአየር ላይ ቢጠፋ አውሮፕላኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ልምድ ያለው አብራሪ በደህና ያሳርፈዋል። የአንድ ክንፍ ሰርቮ ቢሞት በጭራው መሪ ማዞር ይቻላል። ሬዲዮው ለጊዜው ቢቋረጥ እንኳ ዘመናዊ ሪሲቨር ሞተሩን ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት የሚያወርድ መከላከያ አለው። ማብሪያው ሲቋረጥ ግን ያ መከላከያም አብሮ ይሞታል፤ የሚያስፈጽመው ሪሲቨሩ ራሱ ኤሌክትሪክ የለውምና። ይባስ ብሎ በሜታኖል የሚሠራው ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። መሪዎቹ ባሉበት ቆመው፣ ሞተሩ በነበረበት ጉልበት እየጮኸ፣ አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ ወይም የሆነ ነገር እስኪመታ ድረስ ይበራል። ሁለትና ሦስት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በዚህ ሁኔታ ሜዳ ላይ ሲሄድ የሚጎዳው አውሮፕላኑ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ቦታውን ስንመርጥ መነሻችን ማብሪያውን ለማብራት ምን ያህል ይመቸናል የሚለው መሆን የለበትም። በበረራ ላይ ምን ሊነካው፣ ምን ሊያቆሽሸው፣ ምን ሊነቀንቀው ይችላል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም በዚሁ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው፤ በቦይንግ ጀቶች አብራሪ ክፍል ውስጥ የሞተሩን ነዳጅ የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ መጀመሪያ ወደ ላይ ካልተሳበ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የተሠራው። በሞዴል አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ያለው ማብሪያ ብዙም ስለማይገኝ የጥበቃውን ሥራ የሚሠራው የተገጠመበት ቦታ ነው።

በአንድ አውሮፕላን ላይ እንከተለው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የተቋቋመው ሲግ የተባለ ድርጅት ለጀማሪዎች ያወጣው ካዴት ኤልቲ-40 የሚባል ሞዴል አለ። ክንፉ ከላይ ተቀምጦ በጎማ የሚታሰር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ በአብዛኛው ከባልሳ እንጨትና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው። ከአፍንጫው ላይ የሚገጠመው 40 ቁጥር ሞተር ነው፤ ቁጥሩ 0.40 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ሲሆን በሲሲ 6.5 ገደማ ይሆናል። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለውም። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ከሜታኖሉና ከናይትሮሜቴኑ ጋር ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን የጉሎ ዘይት ወይም ሰው ሠራሽ ዘይት አለበት። ይህ ዘይት አብዛኛው ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል። 300 ሚሊ ሊትር ነዳጅ 18 በመቶ ዘይት ቢኖረው፣ በአንድ በረራ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም የማያንስ ነው፤ እሱም በአውሮፕላኑ ገላ ላይ ይረጫል።

ወዴት ይረጫል? ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ የዚህ ዓይነት ሞተሮች ማርሚታ በአውሮፕላኑ ቀኝ በኩል ይወጣል። ቀኝ የምለው ከጭራው ቆሞ ወደ አፍንጫው ለሚያይ ሰው ነው። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከዚያው ወገን ሲታይ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ቀፎውን እየዞረ ይጠመዘዛል። በቀኝ ጎን ወደ ታች ይወርዳል፣ በሆዱ ሥር ወደ ግራ ያልፋል። ስለዚህ ዘይቱ መጀመሪያ ቀኙን ጎን፣ ቀጥሎ ሆዱን ያለብሳል። ከበረራ የተመለሰ እንዲህ ያለ አውሮፕላን በጣት ቢዳሰስ ግራ ጎኑ፣ በተለይ ወደ ክንፉ የተጠጋው የላይኛው ክፍል፣ ከሁሉ ይልቅ ደረቅ ሆኖ ይገኛል።

ዘይት ብቻውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ነገር አይደለም። ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የሜዳውን አቧራ ይዞ ማብሪያው ውስጥ ይገባል፤ የጉሎ ዘይት ደግሞ ሙቀት ሲነካው ወፍሮ እንደ ሙጫ ይሆናል። በመገናኛ ብረቶቹ መካከል ቀጭን ቆሻሻ ይጋገራል። ለማብሪያው የተቆረጠው የባልሳ ጠርዝ ቀለም ስለማይነካው ዘይቱን ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ብሎኖቹም ይዞታቸውን ያጣሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ወቅት ተከማችቶ የሚታየው በሚቀጥለው ወቅት ነው፤ ባለቤቱም በአደጋው ቀን ሬዲዮውን ይወቅሳል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ሕግ ማብሪያው ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን ይሁን የሚል ነው። ብዙዎች ይህን ሰምተው «ማብሪያ በግራ ነው» ብለው ብቻ ይይዙታል፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ለቆመ ሞተር የሚሠራ ነው። ሞተሩ ተገልብጦ ከተገጠመ ማርሚታው ወደ ግራ ይዞራል፣ ማብሪያውም ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ሲሊንደሩ ወደ ቀኝ ጎን ከተኛ ማርሚታው ወደ ሆድ ስለሚወርድ ሁለቱም ጎኖች ከላይ በኩል የተሻሉ ናቸው። በሆድ ላይ ግን በየትኛውም አገጣጠም ባልመክር ይሻለኛል። ዘይቱ ባይደርስበት እንኳ ሣሩ፣ ጠጠሩና አውሮፕላኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ይደርሱበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከአፍንጫ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። በየደቂቃው ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ፕሮፔለር ጣት ለመቁረጥ የሚያንሰው ነገር የለም፤ በሚዞርበት ጊዜም ስለማይታይ ይዘናጉበታል። አብራሪው ማብሪያውን ለማግኘት በፕሮፔለሩ ላይ ወይም በጎኑ አጎንብሶ እጁን የሚዘረጋ ከሆነ ቦታው ተሳስቷል። ከክንፉ ኋላ ተንበርክኮ፣ አውሮፕላኑን በአንድ እጅ እንደያዘ፣ በሌላው የሚደርስበት መሆን አለበት። በካዴቱ ላይ ይህ ቦታ በግራ ጎን ከክንፉ የኋላ ጠርዝ አጠገብ ነው። ሪሲቨሩና ሰርቮዎቹ እዚያው ስለሚቀመጡ ሽቦው አጭር ይሆናል፤ ነዳጅ የሚሞላበትም ቱቦ ርቆ ይቀራል። የሜታኖል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን በዓይን አይታይም ለማለት ይቻላል። ከማብሪያው የሚወጣ ብልጭታ እሳት የማስነሣት ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም ነዳጅ በሚንጠባጠብበት ቦታ ማስቀመጡ ምንም ጥቅም የለውም።

በክንፍ ማሰሪያው ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክንፉን የሚይዙት ጎማዎች ከቀፎው ጎን ወጣ ባሉ የእንጨት ካስማዎች ላይ ይጠለፋሉ። ማብሪያው ከካስማው አጠገብ ከሆነ ጎማ ሲወጠር የሚያመልጥ ጣት ወይም ራሱ ጎማው ይመታዋል። ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ወደ አቅጣጫው እንምጣ። ተንሸራታቹ ማብሪያ በቀፎው ርዝመት ሲገጠም «በራ» የሚለው ጎን ወደ አፍንጫ ይሁን ወይስ ወደ ጭራ? በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ብዙ ክርክር የሚያስነሣ ነው። አንዳንዶች የሚከራከሩት በፍጥነት ለውጥ ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ሲወነጨፍ የማብሪያው ምላስ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ስለዚህ «በራ» ወደ ኋላ ይሁን ይላሉ። መደምደሚያው ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ደካማ ነው። የማብሪያው ምላስ ግማሽ ግራም ቢመዝን፣ በጎማ የተወነጨፈ ተንሸራታች አውሮፕላን የመሬትን ስበት 10 እጥፍ ያህል ቢያገኝ እንኳ፣ ምላሱን የሚገፋው ኃይል 5 ግራም ያህል ብቻ ነው። ጤነኛ ማብሪያ በዚህ አይነቃነቅም።

እውነተኛው ምክንያት ንክኪ ነው። አውሮፕላን በእጅ ሲወረወር ቀፎው በጣቶች መካከል እያለፈ ወደ ፊት ይወጣል፤ ጣቶቹ በቀፎው ላይ የሚተሻሹት ወደ ጭራው አቅጣጫ ነው። ረጅም ሣር ውስጥ ሲያርፍም ሣሩ የሚጎትተው ወደዚያው ነው። የዛፍ ቅርንጫፍም ቢነካው እንደዚሁ። አውሮፕላን የሚሄደው ወደ ፊት ብቻ ስለሆነ፣ በበረራ ላይ የሚገጥመው ነገር ሁሉ የሚጠርገው ወደ ኋላ ነው። «በራ» ወደ ኋላ ከሆነ የሚነካው ሁሉ በበራበት ያጸናዋል፤ ወደ ፊት ከሆነ ግን የሚነካው ሁሉ ሊያጠፋው ይሞክራል። አቋሜ ግልጽ ነው፤ «በራ» ወደ ጭራ ይሁን። ማብሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ቢገጠምም ያስኬዳል። ያኔ ከፊት ወደ ኋላ የሚጠርገው ነገር ወደ የትኛውም ወገን አይገፋውም።

ከቦታውም ከአቅጣጫውም ይልቅ ብዙ አውሮፕላን የሚሰበረው ግን በቀዳዳው ይመስለኛል። ማብሪያው ከቀፎው ውስጥ ሆኖ ምላሱ በተቆረጠ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ሠሪው ቀዳዳውን ለዓይን እንዲያምር ጠበብ ያደርገዋል። ምላሱ «በራ» ወደሚለው ሲገፋ፣ መድረስ ያለበት ቦታ ሳይደርስ በፊት በእንጨቱ ጠርዝ ወይም በሽፋኑ ፕላስቲክ ይያዛል። ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ሰርቮዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ተገጥሞ ያልተቀረቀረ በር ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳና ቀፎው ሲንቀጠቀጥ ምላሱ ወደ መጣበት ይመለሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀዳዳውን በትንሽ ሞረድ እየሞረዱ ምላሱ በሁለቱም ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ እስኪተርፈው ማስፋት። ማብሪያው ከመገጠሙ በፊት በእጅ ተይዞ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ልብ ማለት፣ ከተገጠመ በኋላም ያው ድምፅ መሰማቱን ማረጋገጥ ይገባል። አንዳንዱ ሽፋን ራሱ ጠባብ ሆኖ ይመጣል፤ ሽፋኑንም መሞረድ ነው።

ማብሪያው የሚታሰርበት እንጨትም ይታሰብበት። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባልሳ ብሎን አይዝም፤ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ኮምፔንሳቶ መለጠፍ ግድ ነው። ብሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ የማብሪያው ፕላስቲክ ይጎብጥና ምላሱ ይከብዳል። ንዝረትን ለመቀነስ ከሞተሩ መያዣ ግድግዳ መራቅ፣ ከሥሩም ቀጭን የጎማ ሮንዴላ ማድረግ ጥሩ ነው። ከማብሪያው የሚወጡት ሽቦዎች ቀጥ ብለው ተወጥረው መቅረት የለባቸውም። ሽቦው በስታኞ የተያዘበት ቦታ ላይ ንዝረቱ ይሰበሰባል፣ ቀስ በቀስም እዚያው ጋ ይበጠሳል። ትንሽ ላላ አድርጎ በአቅራቢያው ማሰር ብዙ ዕድሜ ይሰጠዋል። በቀፎው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚሉት የሰርቮ ዘንጎችም ማብሪያውን ወይም ሽቦውን እንዳይነኩ መሪዎቹን በሁሉም አቅጣጫ እስከ መጨረሻ እያንቀሳቀሱ ማየት ነው።

ዘይትና እጅ የማይደርስበት ሌላ ዘዴ አለ፤ ማብሪያውን ሙሉ በሙሉ ውስጥ ደብቆ በቀጭን የብረት ሽቦ ከውጭ መግፋትና መሳብ። የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን መልክ ያላቸውን ሞዴሎች የሚሠሩ ሰዎች ይወዱታል፤ በቀፎው ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ተለጥፎ ማየት አይፈልጉምና። እዚህም ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ሲሳብ ይብራ ወይስ ሲገፋ? ሲገፋ ነው የምለው። ወደ ውጭ የወጣ ሽቦን ማንኛውም ነገር ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል፤ ወደ ውስጥ የገባውን ግን ጎትቶ የሚያወጣው በጣት የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሽቦው ወጥቶ የሚታይ ከሆነ አውሮፕላኑ እንደጠፋ ከሩቅ ይታወቃል። ሌላው መደበቂያ ከአብራሪው ክፍል ክዳን ሥር ነው። ንጹሕና ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ለማጥፋት ክዳን መክፈት ስለሚያስፈልግ፣ ሞተሩ እየሠራ አንድ ችግር ቢፈጠር የምትጠፋው ጊዜ ውድ ናት።

እስካሁን ያልኩት ማብሪያው በድንገት ጨርሶ ስለሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ሳይጠፋም ግን ሊያጠፋን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስፔክትረም የተባለው ድርጅት ዲኤክስ6 የሚባለውን ሪሞት ካወጣ ወዲህ፣ የሞዴል ሬዲዮ ከድሮው 72 ወይም 35 ሜጋኸርዝ ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ተሻገረ። ከእንግዲህ የሌላ ሰው ሪሞት የእናንተን አውሮፕላን ይጥላል የሚለው ስጋት በአብዛኛው ቀረ። በምትኩ አዲስ ስጋት መጣ። አዲሱ ሪሲቨር ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ቮልቴጁ ለቅጽበት እንኳ ከተወሰነ መጠን፣ በብዙዎቹ 3.5 ቮልት አካባቢ፣ ከወረደ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሪሲቨሮች ይህ እንደገና መነሳት ብዙ ሰከንድ ይፈጅ ነበር። የድሮው ሪሲቨር በዚያው ቮልቴጅ ሰርቮዎቹ ፈዘዝ ቢሉበት እንጂ ሥራውን አያቆምም ነበር።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። 4.8 ቮልት የሚባል ባትሪ ሰርቮዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሲስቡ 4.5 ሊሆን ይችላል። በማብሪያው ውስጥ ያለው ቆሻሻ 0.2 ኦም ያህል ብቻ ቢከላከል፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይበላል። ሪሲቨሩ ዘንድ የሚደርሰው 3.5 ቮልት ነው፤ ልክ ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት አፋፍ። አብራሪው ትልቅ መታጠፊያ ሲያዝ፣ ማለትም ቁጥጥር በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት፣ አውሮፕላኑ ዝም ይላል። ከወደቀ በኋላ ሲመረመር ደግሞ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል። ዘይት ስለማይደርስበት ጎን ያን ያህል የተጨነቅሁት ለዚህ ነው። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ በሚጠቀሙ የቆዩ አውሮፕላኖች ላይ ሌላም ነገር አለ፤ የጥቁሩ ሽቦ መዳብ ከባትሪው ጀምሮ እየጠቆረና እየተበላ እስከ ማብሪያው ይደርሳል። ከውጭ ፕላስቲኩ ስለሸፈነው አይታይም። እንዲህ ያለ ሽቦ ስታኞ እንኳ አይዝም፤ ማብሪያውንም ባትሪውንም አንድ ላይ መጣል ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው አውሮፕላን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን የፈራነው መጥፋትን ነበር። እዚህ ግን መሬት ላይ ሳለ የሚያስፈራው መብራት ነው። ባትሪው ከተሰካበት ቅጽበት ጀምሮ ፕሮፔለሩ በአንዲት የተሳሳተ የሪሞት ንክኪ ሊነሳ ይችላል፤ እንደ ነዳጅ ሞተርም እጅ ሲመታ አይቆምም፣ የበለጠ ይገፋል እንጂ። የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር ጋር የሚመጣው ትንሽ ማብሪያ ብዙዎችን ያታልላል። እሱ የሚያቋርጠው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን 5 ቮልት ብቻ ነው። ዋናው ባትሪ ከኮንትሮለሩ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ ኮንትሮለሩም ጥቂት ጥቂት እየጠጣ ባትሪውን ለቀናት ይዞ ቢቆይ፣ እያንዳንዱ የሊቲየም ክፍል ከ3 ቮልት በታች ወርዶ ይበላሻል። በዋናው መስመር ላይ ተራ ማብሪያ መግጠምም አይቻልም፤ 40 እና 60 አምፔር የሚያልፍበት ስለሆነ ይቀልጣል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መሰኪያ ነው። የቀዩ ሽቦ መስመር ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች በቀፎው ላይ ወደ ውጭ በሚታይ ስፒና ይወጣሉ። አጭር ሽቦ ያለው ሌላ ስፒና ሲሰካ መስመሩ ይሞላል፣ ሲነቀል ሞተሩ በምንም ሁኔታ ሊዞር አይችልም። ቦታው ከፕሮፔለሩ ኋላ፣ ከክንፉም የፊት ጠርዝ ኋላ ይሁን፤ ቀይ ጨርቅ ቢንጠለጠልበት መሰካቱና አለመሰካቱ ከርቀት ይለያል። ነገር ግን ሪሲቨሩም ኃይሉን ከዚያው ዋና ባትሪ የሚያገኝ ከሆነ፣ ይህ መሰኪያ በአየር ላይ ቢላላ ሞተሩም ቁጥጥሩም አብረው ይሄዳሉ። አንድ ዕቃ እንዳይበራም እንዳይጠፋም ጠብቅ መባሉ ነው። ተለቅ ባለ አውሮፕላን ላይ ሁለቱን መለየት የምመክረው ለዚህ ነው፤ ለሪሲቨሩ የራሱ ትንሽ ባትሪና እንዳይጠፋ የተደረገ ማብሪያ፣ ለሞተሩ ደግሞ በቀላሉ የሚነቀል መሰኪያ።

በቤንዚን የሚሠሩ ትልልቅ ሞዴሎችም ይህንኑ ያስተምራሉ። የብልጭታው ኤሌክትሪክ የራሱ ባትሪና ማብሪያ አለው። እሱ በበረራ ላይ ቢጠፋ ሞተሩ ቆሞ አውሮፕላኑ ይንሸራተታል፤ የማይጠፋ ከሆነ ግን መሬት ላይ ሞተሩን ማቆም ይቸግራል። ስለዚህ የትልልቅ ሞዴሎች ማኅበር የሆነው የአይኤምኤኤ ደንብ ይህ ማብሪያ ለአብራሪውም ለረዳቱም በቀላሉ የሚደረስበት እንዲሆን ያዛል። ከሪሲቨሩ ማብሪያ ጋር ጎን ለጎን መትከሉ ንጹሕ ይመስላል፤ እኔ ግን አልወደውም። በችኮላ ሞተር ላጥፋ ያለ ረዳት ሪሲቨሩን ያጠፋና ሞተሩን ያለ ቁጥጥር ይተወዋል። አንድ ስንዝር ይራራቁ፣ ቀለማቸውም ይለያይ።

በእነዚህ ትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ሪሲቨሩ ሁለት ባትሪና ሁለት ማብሪያ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ሁለቱን ሁልጊዜ አብሮ የሚያበራ ሰው ግን አንዱ ከሞተ ወራት እንዳለፉ ላያውቅ ይችላል። መጀመሪያ አንዱን ብቻ አብርቶ መሪዎቹን ማንቀሳቀስ፣ አጥፍቶም ሌላውን ብቻ መሞከር አለበት። የጀርመኑ ፓወርቦክስና መሰሎቹ የሚሠሩት ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ደግሞ ኤሌክትሪኩን በሚንሸራተት ብረት አያሳልፍም። ቁልፉ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ የቁልፉ ሽቦ በበረራ ላይ ቢበጠስ መስመሩ በበራበት ይቀራል። ሌላው ዓይነት በፒን የሚሠራው ነው፤ ፒኑ ሲነቀል ይበራል፣ ለማጥፋት ፒኑን መልሶ መክተት ያስፈልጋል፣ ፒኑ ደግሞ በአብራሪው ኪስ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ማብሪያ ለሚጠቀም ሰው የቦታው ጉዳይ ግማሹ ተቃልሎለታል።

ለተንሸራታች አውሮፕላኖች ብዙ የምለው የለም። በሆዳቸው ስለሚያርፉ ማብሪያው ከላይ ወይም ከክዳን ሥር ይሁን። ከክንፍ ጫፍ ተይዘው የሚወረወሩት ትንንሾቹ፣ እንዲሁም ቀላል የፎም አውሮፕላኖች፣ ማብሪያ ባይኖራቸው ይሻላል፤ ባትሪውን ቀጥታ መሰካት ነው። ውኃ ላይ የሚያርፉት ደግሞ ከውኃው መስመር በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በሽቦ የሚገፋ።

የገጠማችሁት ማብሪያ ደህና መሆኑን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሪሞቱን አስቀድማችሁ አብሩ፣ ከዚያ አውሮፕላኑን። ማብሪያውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ሽቦዎቹን ነቅንቁ፤ ሰርቮዎቹ ከተንቀጠቀጡ ወይም ለቅጽበት ከቆሙ አትብረሩ። ከዚያ የቮልት መለኪያውን በሪሲቨሩ ባዶ መሰኪያ ላይ አድርጋችሁ ሁሉንም መሪዎች በአንድ ጊዜ እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡ፤ ባትሪው ራሱ ላይም እንደዚሁ። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ቮልት ከበለጠ ማብሪያውን ለማጽዳት አትድከሙ፤ ጣሉትና አዲስ ግጠሙ።